ከተርሚናል ሶፍትዌር መጫን፦ ከአንዲት ትዕዛዝ ጀርባ ያለው ሥራ

በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ተርሚናል ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ የቴሰራክትንና የአማርኛ ፋይሉን ስም ያስከተለ ሰው፣ የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ የሚያየው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ከተጠየቀው ሌላ የትኞቹን ፓኬጆች አብሮ እንደሚጭን ይዘረዝራል፤ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና ከዲስኩ ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ ይናገራል፤ ከዚያ ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ፣ በስካነር የተነሳን የአማርኛ ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ዝግጁ ነው። ከድረ ገጽ ድረ ገጽ መዞር፣ የትኛው ፋይል እውነተኛ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ መጠራጠር የለም።

ይህ ምቾት የሠላሳ ዓመት ክርክር ያስገኘው ነው፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አላበቃም። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ክፍሎች፣ ከሌሎች ጋር ይጋራ ወይስ የራሱን ይዞ ይምጣ? ፓኬጁ ከደራሲው በቀጥታ ይድረሰን ወይስ በመካከል የሚመረምር ሰው ይኑር? የኢንተርኔት መቋረጥ ከመጀመሪያ ታስቦ ይሠራ ወይስ መስመር ሁልጊዜ አለ ተብሎ? የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፤ እስካሁን ከተሞከሩት ሁሉ፣ በተለይ ዳታ በብር ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውና በሰው የሚጠበቀው የሊኑክስ ስርጭት (የእነ ዴቢያንና ኡቡንቱ) የፓኬጅ ማከማቻ የተሻለው መንገድ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓኬጅ የሚባል ነገር ከመለመዱ በፊት ነጻ ሶፍትዌር የሚመጣው በምንጭ ኮዱ ነበር። ተጠቃሚው የታመቀውን ፋይል አውርዶ ይፈታል፣ «ኮንፊገር» የሚባለውን ስክሪፕት ያስኬዳል፣ «ሜክ» ብሎ ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጣል፣ በመጨረሻም «ሜክ ኢንስቶል» ይላል። አንድ ላይብረሪ ከጎደለ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። ያን ላይብረሪ ፈልጎ በዚያው መንገድ መጫን ነው፤ እሱም የራሱ ጎደሎ አለው። የባሰው ችግር የሚመጣው ግን ፕሮግራሙን ማጥፋት ሲፈለግ ነበር። የትኛው ፋይል የት ማህደር እንደገባ የመዘገበ የለም፤ ስለዚህ ማሽኑ በጊዜ ብዛት ባለቤታቸው በማይታወቅ ፋይሎች ይሞላል።

ኢያን መርዶክ በኦገስት 1993 ዴቢያንን ይፋ ሲያደርግ ካሰባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ሥርዓት ማስያዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመጣው «ዲፒኬጂ» የተባለው መሣሪያ ዛሬም የዴቢያንና የኡቡንቱ መሠረት ነው። የዴቢያን ፓኬጅ ቢከፈት በውስጡ ሁለት ዋና ክፍሎች ይገኛሉ። አንዱ የፕሮግራሙን ፋይሎች፣ እያንዳንዱ በሚቀመጥበት ቦታ ተሰድሮ፣ የያዘ ነው። ሌላው ስለ ፓኬጁ የሚናገር ነው፦ ስሙን፣ ቨርዥኑን፣ ያለ እነማን መሥራት እንደማይችል፣ ከእነማን ጋር እንደማይስማማ፣ ኃላፊነቱን የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ፤ ከመጫኑ በፊትና በኋላ፣ ከመጥፋቱም በፊትና በኋላ የሚሠሩ አጫጭር ስክሪፕቶችም እዚሁ ናቸው። ዲፒኬጂ ያስገባውን ፋይል ሁሉ ስለሚመዘግብ፣ ሲታዘዝ ለቅሞ ያወጣዋል። ሌላው ስርጭት ሬድ ሃት በ1995 ይዞት የመጣው አርፒኤምም በሐሳብ ደረጃ ከዚህ አይርቅም።

መዝገቡ ተገኘ፤ ፍለጋው ግን ለተጠቃሚው ቀረ። ዲፒኬጂም ሆነ አርፒኤም «ይህ ፓኬጅ ያንን ይፈልጋል» ብሎ ሥራውን ያቆማል እንጂ ያንን ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም። በዘጠናዎቹ ማብቂያ ሊኑክስን የተጠቀመ ሰው «የጥገኝነት ሲኦል» ሲባል ሰምቶ ይሆናል፤ አንዱን ለመጫን አምስት፣ አምስቱን ለመጫን አሥራ ሁለት ፋይል በእጅ ማደን ማለት ነው። ይህን የፈታው አፕት ነው። በማርች 1999 ከወጣው ዴቢያን 2.1 ጋር ለሕዝብ ደረሰ። አፕት የማከማቻውን ሙሉ ዝርዝር አስቀድሞ ያወርዳል፤ ከዚያ የተጠየቀውን ለመጫን ምን ምን እንደሚያስፈልግ ራሱ አስልቶ፣ ራሱ አምጥቶ፣ በተገቢው ቅደም ተከተል ለዲፒኬጂ ያስረክባል። በሬድ ሃት ወገን ተመሳሳዩን ሥራ የሠራው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሴት ቪዳል ያዘጋጀው «ያም» ነው፤ የዚያው ወገን ስርጭት ፌዶራ በ2015 በዲኤንኤፍ ተካው።

ይህ ስሌት ሲታሰብ ቀላል ይመስላል። እንዲህ እንበል፦ አንድ ፕሮግራም አንድን ላይብረሪ ከሁለተኛው ቨርዥን ጀምሮ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ከሁለተኛው በታች ያለውን ብቻ። ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ማኖር ካስፈለገስ? ሦስተኛ ፕሮግራም ከሁለት ላይብረሪዎች አንዱ ይበቃኛል ቢል፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ከሌላ ከተጫነ ነገር ጋር ቢጋጭ? ሮቤርቶ ዲ ኮስሞ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በ2006 እንዳሳየው፣ አንድ ፓኬጅ ከነጥገኞቹ መጫን ይቻል እንደሆነ መወሰን፣ በአጠቃላይ መልኩ ሲታይ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ጥያቄዎች ተርታ ነው። የፓኬጁ ቁጥር ሲጨምር ሊፈተሹ የሚችሉት ጥምረቶች በዚያው ልክ አይጨምሩም፤ ይፈነዳሉ።

ታዲያ ኮምፒውተራችን መልሱን በሰከንድ ውስጥ የሚሰጠን እንዴት ነው? አዳዲስ የስሌት ዘዴዎች ረድተዋል። ትልቁን ሸክም ያቀለሉት ግን ሰዎች ናቸው። ዴቢያን 12 በጁን 2023 ሲወጣ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ላይብረሪ በመደበኛው ሁኔታ አንድ ቨርዥን ብቻ አለው፤ ሁሉም ከዚያ ቨርዥን ጋር እንዲስማማ ተደርጓል። አዲስ ፓኬጅ መጀመሪያ «አንስቴብል» በሚባለው ክፍል ይገባል፤ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት ከቀናት በኋላ ወደ «ቴስቲንግ» ይሻገራል፤ የመውጫው ጊዜ ሲቃረብ በሩ ተዘግቶ ለወራት ስህተት ብቻ ይታረማል፤ ከዚያ «ስቴብል» ተብሎ ይወጣል። ይህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይደገማል። ሥራውን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን ማንም በስም አያውቃቸውም። ኮምፒውተሩ ከባዱን ጥያቄ የማይጋፈጠው እነሱ አስቀድመው ስለመለሱለት ነው።

ይህ መንገድ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለው። ከዴቢያን ስቴብል የሚገኘው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከደራሲው አዲሱ ቨርዥን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ በአብዛኛው ማስተካከያው ተለይቶ ወደ አሮጌው ቨርዥን ይገባል እንጂ ፕሮግራሙ አይለወጥም። አዲስ ነገር ለሚሻ ፕሮግራመር ይህ ያሰለቻል። ለሆስፒታል ሰርቨር፣ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ ለሕትመት ቤት ግን ዛሬ የሠራው ነገ እንደሚሠራ ማወቅ ከማንኛውም አዲስ ነገር ይበልጣል።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንገድ የቀየሰው ኒክስ ነው። የኔዘርላንድ ሰው ኤልኮ ዶልስትራ በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉ ያደረገው ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ፓኬጅ፣ ከተሠራበት ነገር ሁሉ በተሰላ መለያ በሚሰየም የራሱ ማህደር ያስቀምጣል። ስለዚህ የአንድ ላይብረሪ አሥር ቨርዥኖች ሳይነካኩ አብረው ይኖራሉ፤ ማሻሻያው ካልተስማማም ወደ ትናንቱ መመለስ የአንድ ትዕዛዝ ሥራ ነው። በሐሳቡ ጥራት እስካሁን የሚስተካከለው አላየሁም። ግን ዲስክ ይበላል፣ አንድ መሠረታዊ ላይብረሪ ሲቀየር ብዙ እንደገና ያስወርዳል፣ ለመማርም ጊዜ ይጠይቃል።

በሌላ በኩል የፕሮግራም ቋንቋዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ማከማቻና የመጫኛ መሣሪያ አዘጋጁ። ፐርል በ1995 ሲፓንን ከፈተ፤ ፓይተን በ2008 ፒፕን አገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም መጣ። እዚህ በር ጠባቂ የለም። ደራሲው አካውንት ከፍቶ የጻፈውን በደቂቃ ውስጥ ለዓለም ያደርሳል። ፍጥነቱ ብዙ ሥራ አስገኝቷል፤ የሚያስከትለው አደጋም በማርች 2016 ታየ። አንድ ፕሮግራመር በፓኬጅ ስም ጉዳይ ከድርጅት ጋር ተጣልቶ ሥራዎቹን ሁሉ ከኤንፒኤም ሲያነሳ፣ ከመካከላቸው «ሌፍት-ፓድ» የምትባል አሥራ አንድ መስመር ኮድ ነበረች፤ ሥራዋ ከጽሑፍ ፊት ባዶ ቦታ መጨመር ብቻ ነው። እሷን በቀጥታም በተዘዋዋሪም የሚጠቀሙ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች በዚያው ሰዓት መገንባት አቃታቸው፤ ኤንፒኤም ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ወደ ቦታዋ እስኪመልሳት ድረስ። ከዴቢያን ማከማቻ አንድ ደራሲ ተቆጥቶ ሥራውን ማንሳት አይችልም፤ ቅጂው የሁሉም ነው።

የቋንቋው መሣሪያና የስርጭቱ መሣሪያ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ ይጋጫሉ። በሊኑክስ ላይ ብዙ የሥርዓቱ ፕሮግራሞች በፓይተን የተጻፉ ስለሆኑ፣ «ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል» ያለ ሰው አፕት የሚያስተዳድረውን ላይብረሪ ሳያውቅ ሊሽረው ይችላል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፒፕ ይህን አልሠራም ብሎ ይመልሳል። ብዙ ወጣቶች ይህ መልእክት ሲመጣባቸው «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን ማለፊያ ከኢንተርኔት ቀድተው ይለጥፋሉ። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሥርዓቱን ፓኬጆች ስበር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ «ቬንቭ» የሚባለውን የተለየ ማህደር ከፍቶ በዚያ ውስጥ ፒፕን መጠቀም አንድ ትዕዛዝ ብቻ ይጨምራል፣ ችግሩንም ያስቀራል። ፓይተንን የሚያስተምሩ ሁሉ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስተምሩ ምኞቴ ነው።

አሁን ወደ እምነት ጉዳይ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና። አንድን ፓኬጅ በሱዶ መጫን ለፓኬጁ ስክሪፕት በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። አፕት ይህን ሥልጣን ለማን እንደምንሰጥ የሚያረጋግጥበት መንገድ ተያያዥ ነው፦ የማከማቻው ዋና ዝርዝር በዴቢያን ቁልፍ ይፈረማል፤ ያ ዝርዝር የንዑስ ዝርዝሮቹን የሒሳብ አሻራ ይይዛል፤ ንዑስ ዝርዝሮቹ የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ ይይዛሉ። ከፓኬጁ አንዲት ቢት ብትቀየር አሻራው አይገጥምም፣ አፕትም እምቢ ይላል። ይህ ማለት ፋይሉ የመጣበትን ሰርቨር ማመን አያስፈልግም ማለት ነው። ከጎረቤት አገር ሰርቨር ይምጣ፣ ከጓደኛ ፍላሽ ይምጣ፣ ፊርማው ከተያያዘ እውነተኛ ነው።

በዚህ አንጻር ዛሬ በብዙ የመጫኛ መመሪያዎች ላይ የሚታየው ልማድ ያሳዝናል። «ከርል» በሚባለው መሣሪያ አንድ ስክሪፕት ከድረ ገጽ አውርዶ፣ ሳይነበብ፣ በዚያው ቅጽበት ለሼሉ ማስተላለፍ ነው። ፊርማ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ማጥፊያ መንገድ የለም፤ ወደ 1992 መመለስ ነው። ኤንፒኤም ላይም ሌቦች ከታወቁ ፓኬጆች ስም በአንድ ፊደል የሚለይ ስም እያወጡ ሲያጠምዱ ኖረዋል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በአሳሳች ኢሜይል የአንድ ደራሲ አካውንት ተሰርቆ፣ እጅግ በብዛት የሚወርዱ ፓኬጆቹ ላይ ሌባ ኮድ ተጨመረባቸው።

የስርጭቶቹ መንገድም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በማርች 2024 አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር፣ በሙከራ ማሽኑ ላይ ከርቀት በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ እንደዘገየ አይቶ ምክንያቱን ሲከታተል፣ «ኤክስዜድ» በተባለው የማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትጋት እያገለገለ የላይብረሪውን የደከመ ባለቤት እምነት አግኝቶ፣ በመጨረሻ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሸሽጎ ያስገባው ነው። ኮዱ የዴቢያንን አንስቴብልና ቴስቲንግ፣ የፌዶራንም የሙከራ ቨርዥን ደርሶ ነበር። ዴቢያን ስቴብል ግን አልደረሰም። ሰዎች ቀርፋፋ የሚሉት ያ የወራት ጉዞ፣ አንድ ንቁ ሰው ለማየት የሚያስፈልገውን ጊዜ ሰጠ። ዕድልም ነበረበት፤ ግን ዕድል የሚሠራው ጊዜ ሲኖር ነው።

ከ2016 ወዲህ የተስፋፉት ስናፕና ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልለው፣ ከቀረው ማሽን በከፊል አጥረው ያቀርባሉ። አጥሩ ጥሩ ነው፤ ደራሲውም አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ለሁሉም ስርጭት ያደርሳል። ክብደቱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የፍላትፓክ ፕሮግራም የሚጭን ሰው አብሮ የሚመጣው መሠረት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድበት ይችላል። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን እየጠየቀ ራሱን ያድሳል። በኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ቢባል እንኳ የሚመጣው ስናፑ ነው። ይህ የመጨረሻው ቅር ያሰኘኛል፤ በአፕት የጠየቀ ሰው የአፕትን ሥርዓት መርጧልና።

በዊንዶውስ ዊንጌት፣ በማክ ሆምብሩ፣ በአንድሮይድ ስልክ ተርመክስ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራሉ። ከእነዚህ ተርመክስ ለእኛ ልዩ ቦታ አለው፤ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በስልኩ ላይ አፕትን፣ ፓይተንን፣ ጊትን ሊለማመድበት ይችላል።

አገራችን ላይ ይህ ሁሉ የሚለካው በሜጋባይት ነው። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ያ ሲቀር ጭነት ሁሉ የኢንተርኔት ጉዳይ ሆነ። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ሳለ፣ ሁሉን ነገር ከመስመር ላይ የሚጠብቅ መሣሪያ የያዘ ሰው እጁ ታስሯል። የዴቢያን ሥርዓት ግን በዲስክ ዘመን የተወለደ ስለሆነ ይህን ያውቃል። ለአንድ ላብራቶሪ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» በአንድ ማሽን ላይ ቢጫን፣ ሠላሳ ኮምፒውተር የሚፈልገው ፓኬጅ ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ከጎናቸው ይወስዳሉ። ጭራሽ መስመር ለሌለው ማሽን «አፕት-ኦፍላይን» አለ፦ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ጽፎ ይሰጣል፣ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ተወርዶ ይመለሳል፣ ፊርማው ተረጋግጦ ይጫናል።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮችም ብር ያድናሉ። «አፕት» ብለው ሲጭኑ የወረዱት ፋይሎች ከተጫኑ በኋላ ይሰረዛሉ፤ በ«አፕት-ጌት» ከሆነ ግን በመሸጎጫው ማህደር ይቀራሉ፤ ለጓደኛ ማካፈል የሚፈልግ ሁለተኛውን ይጠቀም። አፕት ግዴታ ያልሆኑ ግን የሚመከሩ ፓኬጆችንም ሳይጠየቅ ያመጣል፤ «ኖ ኢንስቶል ሬኮሜንድስ» የሚለው አማራጭ ይህን ያስቀራል፣ አንዳንድ ጊዜም የሚወርደውን በግማሽ ይቀንሳል። ከእሺ በፊት የሚታየውን የሜጋባይት ቁጥር ማንበብም ልማድ ይሁን።

አማርኛ በእነዚህ ማከማቻዎች ውስጥ አለ። የአቢሲኒካ ፎንት በዴቢያን ፓኬጅ ሆኖ ይገኛል፤ በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግለው የሴራ አቀማመጥ «ኤም17ኤን» በተባለው ፓኬጅ ውስጥ ገብቷል፤ ፕሮግራመሩ ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ቁጥርን የሚለውጡና የአማርኛን ቃል በድምፁ የሚያዛምዱ የፐርል ሞጁሎች በሲፓን አስቀምጧል። እነዚህ ዛሬም በአንድ ትዕዛዝ የሚመጡት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስላዘጋጃቸው ነው። በግል ድረ ገጽ ብቻ ተቀምጦ የነበረ ፎንት ወይም የፊደል ማረሚያ ግን ባለቤቱ የዶሜይን ክፍያውን ያቆመ ዕለት ይጠፋል።

ስለዚህ ለአማርኛ መሣሪያ የሚሠሩ ሁሉ፣ አገር ቤትም ይሁኑ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ ሥራቸውን እዚያ ድረስ እንዲያደርሱ እለምናለሁ። መንገዱ ክፍት ነው። መጀመሪያ የፈቃድ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ በግልጽ ያልተጻፈ ሥራ፣ ደራሲው በቃል «ተጠቀሙበት» ቢልም፣ በዴቢያን አይገባም። አቢሲኒካ የገባው ነጻ የፎንት ፈቃድ ስላለው ነው። ቀጥሎ ፓኬጁን ለማዘጋጀት ማሰብን በዴቢያን የስህተት መከታተያ ላይ ማስመዝገብ ነው፤ ከዚያ ስለ ፓኬጁ የሚናገረውን የቁጥጥር ፋይል መጻፍ፣ «ሊንቲያን» በሚባለው መሣሪያ ጉድለቱን መፈተሽ። ጀማሪ ራሱ መስቀል ስለማይችል ስፖንሰር የሚሆነው አባል ይፈልጋል፤ አባሉ አይቶ፣ አርሞ፣ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ይልክለታል። አዲስ ስም ያለው ፓኬጅ የማከማቻው ኃላፊዎች ፈቃዱን ፋይል በፋይል እስኪያዩት ሳምንታት ወይም ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ካለፈ ግን በቀጣዩ ስቴብል ውስጥ ይወጣል፣ ኡቡንቱም ከዴቢያን ይወስደዋል።